44 ኪሎ ይዞ ወጣ፣ በ21 ኪሎ ደረሰ፦ ከኮምቦልቻ ላሊበላ የአንድ ሞተር ጭነት

ልጁ ወደ ሱቄ የመጣው የተቀደደ ሻንጣ ሊያሰፋ ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.። እኔ ደሴ ውስጥ ሸራ እሰፋለሁ። የጭነት መኪና ሸራ፣ የባጃጅ ሽፋን፣ የሞተር ወንበር ልብስ፣ የመጣውን ሁሉ። ረፋድ ላይ አንድ ቦክሰር ሞተር በሬ ላይ ቆመ። ልጁ ሲወርድ ግራ እጁን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ይዟል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል።

«ጋሼ፣ ይችን ቶሎ ቢሰፉልኝ። መንገደኛ ነኝ» አለኝ።

ሻንጣዋን ተቀብዬ አገላበጥኳት። ጎማ ያላት፣ የሚጎተት እጀታ ያላት የአውሮፕላን ሻንጣ ናት። ከታች ተቀዳለች። ያ ቀላል ነው። በአንድ ጎኗ ግን ጨርቁ ቀልጦ እንደ ተቃጠለ ፌስታል ተሸብሽቧል። እሳት የነካው ናይሎን አይሰፋም። መርፌው ሲገባበት ይሰነጠቃል።

«ምን ነካት?» አልኩት።

«ማርሚታ።» የሞተሩን የጭስ ማውጫ ማለቱ ነው።

ሻይ አስመጣሁለትና ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነው። የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ገናን ላሊበላ ሊያከብር ተነሳ። አክስቱ እዚያ አለች። በገና ዕለት እዚያ የሚዘመረውን ቤዛ ኩሉን በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ጠዋት ኮምቦልቻን ለቀቀ፤ ሐረጎ ዳገት ላይ ወደቀ።

ሐረጎን የማያውቅ የወሎ ሞተረኛ የለም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ሽቅብ የሚወጣው እየተጠማዘዘ ነው። ልጁ ከአንድ የተጫነ አይሱዙ ኋላ ቀስ ብሎ ሲወጣ መሪው ቀለለው። የፊት ጎማው መሬት የረገጠ አይመስልም። ኩርባ ላይ መሪውን ሲያዞር ሞተሩ ዘግይቶ ነው የሚታጠፈው። ቀጥሎ የሚቃጠል ነገር ሸተተው። ዞር ብሎ ሲያይ ሻንጣዋ ወደ ቀኝ ተንሸራታ ማርሚታው ላይ ተቀምጣለች። ዞር ባለበት ቅጽበት ወደቀ። ፍጥነቱ ከእግረኛ ብዙም አይበልጥም ነበር። ከኋላው የሚመጣ መኪናም አልነበረም፤ እግዜር ይመስገን።

«አስፋልቱ ላይ አሸዋ ነበረ» አለኝ።

ሊኖር ይችላል። ወጥቼ ሞተሩን ሳየው ግን አሸዋውን ረሳሁት።

ከኋላ ፖርቶ መጋላው፣ ማለትም ዕቃ መጫኛ ብረቱ ላይ፣ ትልቅ ጠንካራ የላስቲክ ሳጥን አለ። ምግብ የሚያደርሱ ልጆች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። ሻንጣዋ የነበረችው ከሳጥኑ ፊት፣ ወንበሩ ላይ በአግድም ነው። ያሰራት ባለ መንጠቆ የጎማ ገመድ ነው። በግራ በኩል አምስት ሊትር ጀሪካን ቤንዚን ተንጠልጥሏል። በጀርባው ደግሞ ቦርሳ አዝሏል። ከሻንጣዋ ማሰሪያ የተረፈው ጫፍ ተንጠልጥሎ ካቴናው፣ ማለትም ሰንሰለቱ ጋ፣ ሊደርስ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። እሱን ሳይ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። ያ ጫፍ ካቴናው ውስጥ ቢገባ የኋላ ጎማው ባንዴ ይቆለፍ ነበር። ያኔ ወሬው የሻንጣ አይሆንም።

«ዛሬ የትም አትሄድም» አልኩት። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ላክሁት። ወለምታ ነው፣ ጥቂት ቀን ይረፍ ተባለ። ደሴ ያለ ጓደኛው ቤት አደረ። ገና ሊደርስ ገና ዘጠኝ ቀን አለ። ጊዜ ነበረን።

ሚዛን ላይ

እሁድ ዕለት ጭነቱን በሙሉ ሱቄ ወለል ላይ ዘረገፍነው። ከጎረቤት እህል ነጋዴ ሚዛን ተዋስኩ። እያንዳንዷን ዕቃ እየመዘንን ስፌት በምመዘግብበት ደብተር ላይ ጻፍኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ከዚያ ደብተር ነው።

ሳጥኑ ከነዕቃው 17 ኪሎ። ሻንጣዋ 15። የጀርባው ቦርሳ 8። ጀሪካኑ 4። ድምሩ 44 ኪሎ።

እኔን ያስደነገጠኝ ድምሩ አይደለም፤ ከውስጡ የወጣው ነው። ባዶው ሳጥን ብቻውን 6 ኪሎ መዘነ። ባዶዋ ሻንጣ 4። ቦርሳው 1። ከ44 ኪሎው 11ዱ ዕቃ አይደለም፤ ዕቃ መያዣ ነው። 5 ኪሎ የርቀት ትምህርት መጽሐፍ አለ፤ እረፍቱን ሊያነብ። 9 ኪሎ ልብስና ጫማ፤ ከዚህ ውስጥ ሦስት ጂንስ። 3 ኪሎ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ። 1 ኪሎ ውሃና ብስኩት። 11 ኪሎ ደግሞ እናቱ ለአክስቱ የላኩት አደራ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጋቢ።

የጎማ መለጠፊያ የለም። መንፊያ የለም። አንድ ቺያቤ፣ አንድ መፍቻ እንኳ የለም። ቀኑን ሙሉ በመፍቻ የሚሠራ ልጅ ነው እኮ። 44 ኪሎ ጭኖ ሲወጣ ለራሱ ለሞተሩ የያዘው ነገር ትርፍ ቤንዚን ብቻ ነው።

ቤንዚኑንም አሰብነው። ሞተሩ በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድለታል። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ወልድያ ላይ ማደያ አለ። ከወልድያ በጋሸና ዞሮ ላሊበላ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወልድያ ላይ ከሞላ ታንከሩ ያደርሰዋል። ስለዚህ በወደቀ ቁጥር የሚፈስ ቤንዚን እግሩ አጠገብ አንጠልጥሎ የሚሄድበት ምክንያት የለም። ጀሪካኑ በመጀመሪያ ወጣ።

ልጁ ግን አልተዋጠለትም። «ጋሼ፣ ሞተሩ እኮ ሁለት ሰው ይጭናል። አንድ ሰው 60 ኪሎ ነው። 44 ምን ሊያደርገው?»

ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። ብዙ ሞተረኛ ይህንኑ ያስባል። ሰው የሚቀመጠው ወንበሩ ላይ ነው፤ በሁለቱ ጎማዎች መሀል። ኩርባ ላይ አብሮህ ይጋደላል። ሲንገጫገጭ ይይዝሃል። ሳጥኑ ግን ከኋላ ጎማው እንብርት አልፎ ጅራቱ ላይ ነው የተቀመጠው። ኮምቦልቻ ያደገ ልጅ ጋሪ አይቷል። ጋሪ ኋላው ላይ ሲጫን ምን ይሆናል? ፈረሱን አንገቱን ይዞ ወደ ላይ ያነሳዋል። ባለ ጋሪው ሮጦ ፊት ላይ ይቀመጣል። የሞተርም ፊት እንደዚያው ነው። ከኋላ ጎማው ያለፈ ጭነት ፊቱን ያነሳዋል። ዳገት ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ሐረጎ ላይ መሪው የቀለለው ለዚህ ነው።

ይህን ስነግረው ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ባለ ጋሪ ነበር አጎቴ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። በሳጥኑም በጂንሱም አልተከራከረም። የተከራከረው በአደራው ብቻ ነው።

አደራው

በእኛ አገር የመንገደኛን ጭነት የሚወስነው መንገደኛው አይደለም። እናት ናት። ጎረቤት ናት። «ይችን ብቻ» ይባላል። ይችን ብቻ አምስት ቦታ ስትባል 11 ኪሎ ትሆናለች። እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። አክስቱ ዘንድ ባዶ እጁን ቢደርስ ልጁም እናቱም አይወዱትም። ከውጭ በሚመጣ የሞተር ሻንጣ ምክር ውስጥ ይህ አይገኝም። ወሎ ውስጥ ግን ጉዳዩ ግማሹ ይህ ነው።

እናቱ ጋ ደወልን። መውደቁን አልነገራቸውም ነበር፤ አሁን ነገራቸው። መጀመሪያ አለቀሱ። ቀጥለው «በርበሬው ተደፋ?» አሉ። አልተደፋም። ስልኩን ተቀብዬ አስረዳኋቸው። አደራውን በአውቶቡስ እንላከው፣ ልጁ ቀሎት ይሂድ አልኳቸው።

«ልጄ፣ አንድ ኪሎ በርበሬ ሞተሩን ምን ይለዋል?» አሉኝ።

አንድ ኪሎ ምንም አይለውም። ስለዚህ ተስማማን። 10 ኪሎው ስልክ ቁጥር ተጽፎበት ሰኞ ዕለት በአውቶቡስ ሄደ። አንድ ኪሎ በርበሬ በልጁ እጅ ይሄዳል። አክስቱ ከእጁ የምትቀበለው ነገር አለ። እናትም ረኩ።

ሳጥን ወይስ ከረጢት

አሁን የሚጫነው ታወቀ። ሻንጣ የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው። እኔም ስንት ዓመት ተሳስቻለሁ። ሰው መጥቶ «የሞተር ሻንጣ ስፋልኝ» ሲለኝ የሞተሩን ወርድ ለክቼ እሰፋ ነበር። ምን እንደሚጭን አልጠይቅም። ሰፊ ሻንጣ ደግሞ እስኪሞላ ይሞላል።

ሳጥን መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ይቆለፋል። ዝናብ አያስገባም። ከተማ ውስጥ ለሚያመላልስ ሰው ከሳጥን የሚሻል የለም። ነገር ግን የኋላ ሳጥን አምራቾች ራሳቸው የሚፈቅዱት ጭነት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ኪሎ አይበልጥም። በጎን የሚንጠለጠል ብረት ሳጥንም አለ። እሱ ለትልቅ ሞተር ነው። ለቦክሰር ከነመሸከሚያ ብረቱ ይከብደዋል። ኮረኮንች ላይ ስትወድቅ ደግሞ እግርህ በሳጥኑና በመሬቱ መሀል ሊያዝ ይችላል። ከረጢት ይተጣጠፋል። ሲወድቅ ይደፈጠጣል እንጂ አይሰብርህም። የከረጢት ጉድለቱ አለመቆለፉ ነው። ለዚህ ነው ገንዘብ፣ ስልክ፣ መንጃ ፈቃድና ሊብሬ ከሰው ገላ አይለዩ የምለው። ከረጢቱ ቢሰረቅ ጂንስ ነው የሚሰረቀው።

ከጋሸና ወዲያ ኮረኮንች ይጠብቀው ነበር። ስለዚህ ከረጢት ተመረጠ።

አጠገቤ ጆንያ የሚሸጡ አዛውንት አሉ። ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። በጉብዝናቸው ከባቲ ገበያ ጨው በአህያና በግመል ያመላልሱ ነበር። ሸራውን ስቆርጥ መጥተው ቆሙ። ሁለት ጎን ከረጢት፣ በመሀል ድልድይ፣ ወንበሩ ላይ እንደ ኮርቻ የሚጣል። «ይኼማ የአህያ ጭነት ነው» አሉ። ነውም። ሰው ይህን ነገር በሞተር አልጀመረውም።

አያ ያስተማሩኝን እነግራችኋለሁ። ሁለቱን ጎን በሚዛን አይለኩም። መሀሉን በአንድ እጅ ጨብጠው ከመሬት ያነሱታል። ወደ ከበደው ያጋድላል። ድሮ በቀለለው ላይ ድንጋይ ይጨምሩ ነበር። አሁን «ድንጋይ ምን ያደርጋል፣ ውሃውን ወደዚህ አምጣው» አሉት ልጁን። የውሃ ጠርሙሱ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደ። በሚዛን ስናየው በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ሩብ ኪሎ አልሞላም።

የሰፋሁት ከወፍራም የመኪና ሸራ ነው። አፉ ዚፕ የለውም። ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ በዘለበት ይታሰራል። በታኅሣሥ እኛ ጋ የሚያስቸግረው ዝናብ ሳይሆን አቧራ ነው። አቧራ በዚፕ ጥርስ ይገባል፤ ዚፑንም ይገድለዋል። የተጠቀለለ አፍ ግን ሁለቱንም ይከለክላል።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የለካሁት ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ነው። የቀኙ ከረጢት ከማርሚታው አራት ጣት ከፍ ብሎ ነበር። ልጁ ሲቀመጥበት ሞላው፣ ማለትም የኋላው ስፕሪንግ፣ ወረደ፤ አራቱ ጣት ሁለት ሆነ። ከኋላ ጫን ጫን ሳደርገው ከረጢቱ ማርሚታውን ነካ። ሻንጣዋን ያቀለጣት ነገር በእኔም ስፌት ሊደገም ነበር። ፈትቼ የቀኙን አሳጠርኩት። በዚያ በኩል በያጅ ጋ ወስደን ቀጭን ብረት አስበየድን፤ ከረጢቱ በእሱ ላይ ይደገፋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ሳይቀመጥ ለክቼ አላውቅም።

የመንጠቆውን ገመድ ጣልኩበት። ይለጠጣል። ሲለጠጥ ጭነቱ ይንሸራተታል። መንጠቆው ሲያመልጥ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። በምትኩ የማይለጠጥ ቀበቶ ባለ ዘለበት ሰጠሁት። የቀበቶው ትርፍ ጫፍ ሁሉ ተጠቅልሎ በጎማ ቀለበት ታሰረ። ቀለበቶቹን የቆረጥኩት ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ ነው፤ ከጎሚስታ በነፃ አገኘኋቸው።

የት ምን ገባ

ሐሙስ ማታ ጫንን። በጎኖቹ 7.5፣ 7.5 ኪሎ። ወንበሩ ላይ ከጀርባው ተጠግቶ የሚታሰር 4 ኪሎ ጥቅል። ታንከሩ ላይ 2 ኪሎ ትንሽ ቦርሳ። ድምሩ 21 ኪሎ፤ የከረጢቶቹን የራሳቸውን 3.5 ኪሎ ጨምሮ። በጀርባው ምንም የለም። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ትከሻን ያደክማል፤ ክብደቱንም ወደ ላይ ያወጣዋል። ስትወድቅ ደግሞ ውስጡ ያለው ጠንካራ ነገር አከርካሪህን ያገኘዋል። ላፕቶፑና መጽሐፎቹ ጓደኛው ቤት ቀሩ።

ከባዱ ነገር ከታችና ወደ ፊት ገባ፤ ለነጂው ተጠግቶ። በግራ ከታች መሣሪያው፦ ትርፍ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያ፣ መንፊያ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ ቺያቤዎች፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድ። 4.5 ኪሎ ሆነ። ለእሱ ብቻ ከውጭ በኩል የተለየ ኪስ ሰፋሁለት። ጎማ ሲፈነዳ ልብሱን ሁሉ መንገድ ላይ እንዳይዘረግፍ። የቀኙ ልብስ ነው። ውሃው ለሁለቱም ተከፈለ። በሶና ቆሎ፣ ዳቦም አለ። ልብሱ በየዓይነቱ በፌስታል ተለየ። በርበሬው በሁለት ፌስታል ታሽጎ ከልብሱ ርቆ ገባ፤ በዚህ ላይ እናቱ በስልክ አደራ ብለዋል።

ጥቅሉ ውስጥ ብርድ ልብስና ጋቢ አለ። ጃኬቱ ግን ከሁሉም በላይ፣ ሳይፈታ በሚደረስበት ቦታ ነው። ምክንያቱም የእኛ መንገድ በአንድ ቀን አራት አገር ነው። ደሴ ጠዋት ይበርዳል። ሐይቅ ይሞቃል። መርሳ ላይ ልብስ ያስወልቃል። ጋሸና ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ታኅሣሥ ላይ ንፋሱ እጅ ያደነዝዛል። ልብስ ለማውጣት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ሰው ሰንፎ እየበረደው ይሄዳል። እጁ የደነዘዘ ሰው ፍሬን በወቅቱ አይዝም።

ከጫንን በኋላ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዞርነው። የታንከሩ ቦርሳ ጡሩምባውን ሲጫን አገኘነውና ወደ ኋላ ሳብነው። ፍሬቻዎቹ፣ የኋላ መብራቱና ታርጋው እንዳልተሸፈኑ አየን። ጎማውን መመሪያው ለሁለት ሰው በሚለው ልክ ነፋን። የሞላውን ጥርስ አንድ ደረጃ አጠበቅን። ፊት መብራቱንም ዝቅ አደረግነው። ኋላው ሲወርድ መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል፤ የሚመጣውን ሾፌር ያሳውረዋል። ከዚያ ኮብልስቶኑን ወጣ፣ ወደ ሐረጎ አፋፍ ወርዶ ተመለሰ። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። «ጋሼ፣ ፊቱ መሬት ረገጠ» አለኝ።

መንገዱ

ዓርብ ታኅሣሥ 26 ቀን ጠዋት ከደሴ ወጣ። አያ ሊሸኙት መጥተው ነበር። «ዕቃ ሲሄድ ይረጋል። ሲረጋ መጫኛው ይላላል። ብዙ ሳትርቅ ቆመህ አጥብቅ» አሉት። ሐይቅ ላይ ቆመ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀበቶው ሁለት ጣት ያህል ላልቶ አገኘው። አጠበቀው። ከዚያ በኋላ እስከ ወልድያ አልላላም። መርሳ ላይ ጃኬቱን አወለቀ፤ ከሞተሩ ሳይወርድ ነው ማለት ይቻላል። ወልድያ ቤንዚን ሞልቶ ምሳ በልቶ አደረ። እኔ ነኝ እደር ያልኩት። እጁ ገና ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ከጋሸና ወዲያ ኮረኮንቹ ላይ የኋላ ጎማው ተነፈሰ። ምስማር ነው። ከግራው ኪስ መሣሪያውን አወጣ። ሌላውን ጭነት አልነካውም፤ ድልድዩን አንስቶ ሁለቱን ከረጢት ባንድ ላይ መንገድ ዳር አስቀመጠው። ከ40 ደቂቃ በኋላ መንገዱን ቀጠለ። እረኛ ልጆች መንፊያውን በየተራ ነፉለት፤ ዳቦውን አካፈላቸው። ከመምሸቱ በፊት ላሊበላ ገባ። አክስቱ በርበሬውን ከእጁ ተቀበለች። በአውቶቡስ የተላከው ቀድሞት ደርሶ ነበር።

ሁሉም ነገር ደህና አልሄደም። የታንከሩ ቦርሳ ሥሩ አሸዋ ገብቶ ቀለሙን ፋቀው። ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ማድረግ ነበረብኝ። የግራው ከረጢትም ታችኛው ጥግ ከጠጠር ብዛት ሳስቷል።

በገና ማግስት ስልኬ ጠራ። «ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩ። ማር ሰጠችኝ።»

የላስታ ማር ነው። አምስት ኪሎ፣ በአንድ ትልቅ የላስቲክ ዕቃ። እምቢ አይባልም። «ስንት ጠርሙስ ታገኛለህ?» አልኩት። ለሁለት ጠርሙስ ገለበጠው፤ በየጎኑ አንድ አንድ፣ ከታች፣ በልብስ ተጠቅልሎ። አክስቱ ዘንድ ያለቀው በሶና ቆሎ ቦታ ለቆለታል። ውሃውን በየከተማው እየገዛ እንዲመጣ ነገርኩት። መሀሉን ጨብጦ እንዲያነሳውም ነገርኩት። «አጋደለ?» «ወደ ቀኝ ትንሽ።» «ቺያቤዎቹን ወደ ግራ ግፋቸው።» ስልኩን ሳይዘጋ አደረገው።

ሲመለስ ቀጥታ ሱቄ መጣ። አንደኛውን ጠርሙስ አያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። እኔ ከረጢቱን ገልብጬ ታቹን አየሁት። የሳሳውን ጥግ ቆርጬ ከአሮጌ ጎማ ድርብ አደረግኩለት፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለማንም ስሰፋ ታቹን ድርብ ነው የማደርገው። ሻንጣዋ እስከ ዛሬ ሱቄ ጥግ ላይ አለች። ቀልጣለች፣ አትሰፋም። ሰው የሞተር ሻንጣ ሊያሰፋ ሲመጣ ሚዛኑን የማስቀምጠው እሷ ላይ ነው።